እማዬን ከልጆቹ ጋር ራመን ቤት ልወስዳት ነው፣ አሳማ የሌለበት ምን ልዘዝላት?

የደሴዋ_በቨርጂኒያ፦

ሰላም ቤተሰቦች እንዴት ከረማችሁ። እማዬ ከደሴ መጥታ እኛ ጋር አሌክሳንድሪያ ናት፣ ክረምቱን እዚሁ ነው ምታሳልፈው። ልጆቼ ደሞ (ትልቁ 13 ትንሿ 9) ራመን (መረቅ ውስጥ ሚቀርበውን የጃፓን ኑድልስ) በጣም ነው ሚወዱት እና አያታችንን እኛ እንጋብዛት ብለው የኪስ ገንዘባቸውን ሁሉ ማጠራቀም ጀምረዋል። እሷም ልጆቹ ያሉት ይሁን ብላ ተስማምታለች። ቀኑን ቅዳሜ አድርገነዋል፣ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ተፈቷል ፍልሰታ ደሞ ነሐሴ 1 ነው ሚገባው፣ ስለዚህ በመሀል ያለው ቅዳሜ ፍስክ ነው፣ በዛ በኩል ችግር የለም።

ችግሬ አሳማው ነው። እማዬ አሳማ አትበላም ብቻ ሳይሆን አሳማ የተቀቀለበት ድስት ውስጥ የወጣ ነገር አታስነካም። እና ራመን ቤት ሜኑው ላይ ግማሹ አሳማ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን የቱ ላይ እንዳለና የቱ ላይ እንደሌለ ለይቼ አላውቅም፣ ልጆቼ የሚያዙትን ነው አብሬ ማዘው። ከዚህ በፊት ውጪ ስንበላ እሷ ነጭ ሩዝ ፊቷ አድርጋ እኛን ስታይ ነው ምትጨርሰው፣ ጠግቤያለሁ እናንተ ብሉ ትላለች፣ ይሄን ነገር አሁን መድገም አልፈልግም። ልጆቹ ከሷ ጋር አንድ ዓይነት ነገር መብላት ነው የፈለጉት።

ወንድሜን ስጠይቀው ዶሮ ነው በያት መረቅ መረቅ ነው የት ታውቀዋለች ይለኛል። እኔ ይሄን አላደርገውም፣ ግን ደሞ ሳልዋሻት የሚበላ ነገር መኖሩን እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። ሠርታችሁ ምታውቁ ወይ እናት አባታችሁን ወስዳችሁ ምታውቁ በናታችሁ ምን ልዘዝ፣ ምን ብዬ ልጠይቅ፣ እሷስ ቾፕስቲክ አትችል ሹካ ይሰጣሉ ወይ፣ ሁሉንም ንገሩኝ።

የዲሲ_ሹፌር፦

እህቴ እንኳን እናትሽ በሰላም መጡልሽ። እኔ ወንድምሽ ያለው ያን ያህል አይከፋኝም። ሥጋውን አውጥተሽ መረቁንና ኑድልሱን ከሰጠሻቸው ምን ይሆናሉ፣ ትልቅ ሰው ሀገር አቋርጠው መጥተው እያንዳንዱን ነገር ይሄ እንዲህ ነው ያ እንዲያ ነው እያልሽ ስትነግሪያቸው እሳቸውም ይሳቀቃሉ ምግቡም አይጥማቸውም። የኔ አባት እዚህ በነበሩ ጊዜ ስለ ምግቡ ብዙ ባወራን ቁጥር ምንም ሳይቀምሱ ይነሱ ነበር። ለሳቸው ደስታ ብለሽ ብታልፊው እግዚአብሔርም ያያል። ይሄ የኔ ሐሳብ ነው።

ኡሙ_ራያን፦

ወንድሜ በአክብሮት ነው ምልህ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። እኔ ሙስሊም ነኝ እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ እዚህ ነገር ላይ ግን አንድ ነን። ሰው ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ነገር ልጁ በገዛ እጇ ማፍረስ የለባትም። አሁን ባታውቅ ነገ ከነገ ወዲያ ልጆቹ ናቸው ሚነግሯት፣ የ9 ዓመት ልጅ ምስጢር አትይዝም፣ አያቴ ያን ቀን የበላሽው እኮ ምናምን ብላ ሳታስበው ታወጣዋለች፣ ከዛ በኋላ ያቺ እናት የልጇ ቤት የቀረበላትን ወጥ እንኳን ተጠራጥራ ነው ምትበላው። እኔ እናቴ እኔ ያበሰልኩትን ሳትጠይቀኝ ነው ምትበላው፣ ይሄ እምነት በምንም አይገዛም።

እህቴ አንቺ ያሰብሽው ልክ ነው፣ ጠይቂ፣ አይክበድሽ። እኔ ሪያድ ስሠራ ራመን ቤቶች ነበሩ፣ እዛ አሳማ በሕግ ስለማይገባ መረቁ በዶሮ ወይ በበሬ አጥንት ነው ሚሠራው እና በጣም ይጣፍጥ ነበር፣ ስለዚህ ራመን ያለ አሳማ አይሆንም ሚሉሽን አትስሚ። እናንተ ሰፈር ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ሐላል ብለው ሚሠሩም ፈልጊ፣ ሐላል ያለ ቤት ውስጥ አሳማው ከሥሩ ስለሌለ ድስቱም ማንኪያውም አያሳስብሽም። አንዳንድ ቤት ግን ሐላል ሲሉ ዶሮው ብቻ ሐላል ሆኖ ጎን ለጎን አሳማ ሚሸጡ አሉ፣ እሱን ለይተሽ ጠይቂ።

ወጥ_ቤት_ሲያትል፦

እኔ ራመን ቤት ኩሽና ውስጥ ነው ምሠራው፣ ኢትዮጵያዊ ደንበኛ ሲመጣ አስተናጋጆቹ እኔን ነው ሚጠሩኝ ስለዚህ ይሄን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ሳህኑ እንዴት እንደሚሞላ ልንገርሽ ምክንያቱም አሳማው ሚደበቀው እዛ ነው። ባዶው ሳህን ውስጥ መጀመሪያ ታሬ ሚባል ጨዋማ ማጣፈጫ ይገባል፣ ቀጥሎ ጥሩ ሽታ ያለው ዘይት ወይ ስብ፣ ከዛ የፈላ መረቅ ይፈስበታል፣ ከዛ ኑድልሱ፣ መጨረሻ ላይ ሥጋው እንቁላሉ ቅጠሉ ከላይ ይደረደራል። ሜኑ ላይ ሾዩ ሺዮ ሚሶ ሚሉት ታሬውን ነው፣ ሾዩ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ሺዮ ጨው፣ ሚሶ የተብላላ አኩሪ አተር። ቶንኮትሱ ሚሉት ግን መረቁን ነው፣ እሱ ንጹህ የአሳማ አጥንት ነው። ስለዚህ ሾዩ ስላለ ብቻ አሳማ የለውም ማለት አይደለም፣ ብዙ ቤት ሾዩውንም ሚሶውንም የሚያፈሱት ያው ከአሳማ አጥንት ወይ ዶሮና አሳማ ተቀላቅሎ ከተቀቀለ መረቅ ነው። ዶሮ ነው ሲሉሽ ዶሮ ብቻ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ።

በቀለምም አትለዪው። ቶንኮትሱ ነጭ ሚሆነው አጥንቱ በኃይለኛ እሳት 12 ሰዓትና ከዛም በላይ እየፈላ ቅባቱና የአጥንቱ ሙጫ ከውኃው ጋር ስለሚዋሃድ ነው፣ የዶሮ አጥንትና የዶሮ እግር እንደዛው ቢፈላ እሱም ነጭና ወፍራም ይሆናል። እሱ ቶሪ ፓይታን ይባላል እና ለእናትሽ እኔ ምመርጥላት እሱን ነው። ዶሮ ወጥ የለመደ ሰው መረቁን ሲቀምሰው ወዲያው ነው ሚለምደው፣ ወፍራም ነው፣ የዶሮ ጣዕሙ ጎልቶ ይወጣል፣ ባዕድ አይሆንባትም።

አሁን ድብቆቹ። አንደኛ ስቡ፣ የዶሮ መረቅ ሆኖም ከላይ የአሳማ ስብ ሚያፈሱ አሉ፣ በተለይ የሳፖሮ (የሰሜን ጃፓን ከተማ) ዓይነት ሚሶ ላይ፣ እዛ አትክልቱም በአሳማ ስብ ነው ሚጠበሰው፣ ሳፖሮ ብርዳማ ስለሆነ ስቡ ከላይ ተንሳፎ ሙቀቱን ይይዝላቸዋል። ሁለተኛ እንቁላሉ፣ ይሄን ማንም አያስበውም፣ ያ ቡናማ የሆነው ለስላሳ እንቁላል ብዙ ቦታ ሚዘፈዘፈው የአሳማው ሥጋ በተቀቀለበት ሶስ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ጠይቂ ወይ በነጭ የተቀቀለ ካላቸው እሱን በይ። ቻሹ ያሉት ቁራጭ ሥጋ ያው አሳማ ነው፣ ሳትጠይቂ ነው ሚያስቀምጡት፣ የዶሮ ቻሹ ካላቸው በሱ ይቀይሩልሻል። ጊዮዛ (እንደ ትንሽ ሳምቡሳ የሆነው) ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አሳማና ጥቅል ጎመን ነው፣ ልጆቹ ካዘዙ ለሷ እንዳያካፍሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ታሬው ላይ ሳኬ ወይ ሚሪን ሚባል አልኮል ያለው የሩዝ መጠጥ ይገባል፣ ለናንተ ባያሳስብም ለኡሙ ራያን ዓይነት ሰው ግን መታወቅ ያለበት ነው።

ኑድልሱ ላይ አትስጊ፣ የስንዴ ዱቄት ውኃ ጨውና ካንሱይ ሚባል ማዕድን ነው፣ ቢጫ ሚያደርገውም የሚያኘክ የሚያደርገውም ካንሱዩ ነው እንጂ ቢጫ ስለሆነ እንቁላል አለው ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ግን እንቁላል ይጨምራል፣ ይሄ ለጾም ቀን ነው ሚጠቅምሽ። ሚቀቀለውም ለብቻው ንጹህ ውኃ ውስጥ ነው፣ ከሥጋ ጋር አይገናኝም።

ስልክ ደውዪ፣ ግን ምሳ ሰዓት አትደውዪ ማንም በደንብ አይመልስልሽም፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ (እነሱ ሦስት ሰዓት ሚሉት) ኩሽናው ረገብ ሲል ደውዪና ከሼፉ ጋር አገናኙኝ በይ። የሃይማኖት ጉዳይ ነው ካልሻቸው በትክክል ነው ሚነግሩሽ። እኔ ቤት እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ድስቱን አሳይቼ ነው ምመልሰው።

የደሴዋ_በቨርጂኒያ፦

ወይ ጉድ እንቁላሉን በሕልሜም አላስበውም ነበር። ተባረክ ወንድሜ፣ ይሄን አትሜ ነው ይዤ ምሄደው። ኡሙ ራያን አንጀቴን ነው ያራስሽው፣ ለወንድሜም አንብቤለታለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እማዬ ግፊት አለባት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጨውስ እንዴት ነው። ሁለተኛው አቀማመጡ፣ እኛ ስንሄድ ብዙ ጊዜ ባንኮኒው ላይ ነው ምንቀመጠው፣ እሷን ረጅም ወንበር ላይ ማስቀመጥ አልፈልግም፣ ጉልበቷም ያማታል፣ ደሞ በአንድ መስመር ተደርድሮ ጀርባ ለሰው ሰጥቶ መብላት ለሷ መብላት አይደለም።

ነርሷ_ሚኒሶታ፦

ስለ ግፊቱ እኔ ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው ሚለው፣ አንድ ሳህን ራመን መረቁን እስከ ታች ከጠጡት ብቻውን የቀኑን ሊሞላው ይችላል። ግን ጨው ያለው በብዛት መረቁ ላይ ስለሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ኑድልሱን ዶሮውን አትክልቱን ትብላ፣ መረቁን በማንኪያ ትቅመስና አብዛኛውን ትተወው። መረቅ መተው እዛ ነውር አይደለም። ለእናቶቻችን ግን ምግብ ሳህን ላይ ማስቀረት ይከብዳቸዋል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ትንሹን ሳህን እዘዢላት ወይ ታሬውን ቀነስ አድርጉት በያቸው፣ ታሬው ለብቻው ስለሚገባ መቀነስ ይችላሉ። ያን ቀን ጠዋትና ማታ ደሞ ቤት ጨው የበዛበት ነገር አትስጫት። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ፣ ወደ ምግብ ቤት እሄዳለሁ ብላ አታሳልፍ፣ ብዙ እናቶች ይሄን ያደርጋሉ።

ካፁሺካ_ነዋሪ፦

ሰላም ከቶኪዮ። እኔ ያለሁት ካፁሺካ ነው፣ ዮፁጊ አካባቢ ሐበሻ ስለሚበዛ እናት አባት ሲመጡ ራመን ቤት መውሰድ ሁላችንንም ያጋጠመን ነገር ነው። እዚህ ካንቺ ይከብዳል፣ ብዙዎቹ ቤቶች ጠባብ ናቸው ባንኮኒ ብቻ ነው ያላቸው፣ በር ላይ ካለው ማሽን ቲኬት ቆርጠሽ ነው ምትገቢው፣ ሼፉን ለማናገር ጊዜ የለም፣ ለአንድ አዋቂ አንድ ሳህን ማዘዝም ግድ የሆነበት ቤት ብዙ ነው፣ ሁለት ሰው ከአንድ ሳህን መብላት ደስ አይላቸውም። ለልጆች ግን ትንሽ ሳህንና ሹካ ይሰጣሉ። ለዚህ ነው እኛ ወላጆቻችንን ጠረጴዛ ያለው ቤት ምንወስደው። አሜሪካ ጠረጴዛ አይጠፋም፣ ስትደውዪ ለአራት ወይ ለአምስት ሰው ጠረጴዛ እፈልጋለሁ በይ፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሰልፍ ስለሚኖር ከበር ሲከፈት ግቡ ወይ ከምሳ በኋላ ሂዱ፣ ትልቅ ሰው ቆማ አትጠብቅ።

ሌላ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ራመን ቤት ምግቡ ሁሉም በአንዴ አይመጣም፣ የደረሰው ሳህን ይመጣል፣ የመጣለት ሰው ወዲያው ይበላል፣ ምክንያቱም ኑድልሱ መረቁ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል ጣዕሙ ይሞታል። እናትሽ ደሞ የሁሉም እስኪቀርብ፣ እስኪባረክ ሳትጠብቅ አትጀምርም፣ ልጆቹም አያታቸው ሳትጀምር ቢጀምሩ ደስ አይላትም። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ፣ ሲታዘዝ አንድ ላይ አምጡልን በያቸው፣ ጸሎቱን ደሞ ምግቡ ሳይመጣ ገና እንደተቀመጣችሁ እሷ ታድርሰው፣ ሲመጣ በቀጥታ መብላት ነው።

ድምፁንም ንገሪያት። ጃፓኖች ኑድልስ ሲበሉ በአፋቸው እየሳቡ ድምፅ ያሰማሉ፣ ትኩስ ስለሆነ አየር አብረው ይስቡበታል፣ ለነሱ ነውር አይደለም። እኛ ቤት ግን እያንጫጩ መብላት ብልግና ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ልጆችሽ እዛ ተምረው ከሆነና ፊቷ ካደረጉት ልትቆጣቸው ትችላለች፣ አስቀድሞ ቢነገራት ጥሩ ነው።

ጉርሻም ትሞክራለች፣ አትከልክያት። አሜሪካ ማንም ምንም አይልም፣ ተጨማሪ ትንንሽ ሳህን ጠይቂና ከራሷ ሳህን ለልጅ ልጆቿ ታካፍል፣ ይሄ እኮ ነው እሷ መብላት ምትለው።

የዲሲ_ሹፌር፦

ሁሉንም አነበብኩ። እኔ ያልኩት እናትየዋ እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው፣ አሁንም እላለሁ ጠረጴዛው ላይ ይሄ አሳማ አለው ያ የለውም እያላችሁ እፊቷ አትከራከሩ፣ የሚጠየቀው ሁሉ በስልክ ያልቅና እሷ ስትቀመጥ የሷ ዶሮ ብቻ እንደሆነ በአንድ ቃል ይነገራት፣ በቃ።

ለመኪና ውስጥ ወሬ ደሞ ልጆቹ ይንገሯት፣ ኢንዶሚን አዲስ አበባም ደሴም ያሉ የልጅ ልጆቿ ሲበሉ አይታለች። እንዲህ ያለውን ቶሎ የሚደርስ ኑድልስ መጀመሪያ የሠራው ሞሞፉኩ አንዶ ሚባል ሰው ነው፣ በፈረንጆች 1958 ጃፓን ውስጥ የዶሮ ራመን ብሎ አወጣው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ሰው ራመን ለመብላት በብርድ ተሰልፎ ያየ ሰው ነው። ራመን ራሱ ከቻይና ኑድልስ የመጣ ነው፣ ቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር በፈረንጆች 1910 የተከፈተው ራይራይከን ሚባል ምግብ ቤት ነው ብዙ ሰው እንዲያውቀው ያደረገው። ተሳፋሪ ጃፓናዊ ነግሮኝ በኋላ አንብቤዋለሁ። እናቶች ምግቡ ከየት እንደመጣና ማን እንደጀመረው ሲያውቁ ቶሎ ይቀርባቸዋል።

ኡሙ_ራያን፦

አሁን ተግባባን ወንድሜ፣ በስልክ ያልቅ ያልከው ትክክል ነው።

የደሴዋ_በቨርጂኒያ፦

ዛሬ ደወልኩ። መጀመሪያ ያናገርኩት ቤት ዶሮ ነው አለችኝና ዶሮ ብቻ ነው ወይ ስላት ጠይቃ መጥታ የለም አሳማም አለበት አለችኝ፣ ሳልጠይቅ ቢሆን እዛ ነበር ምወስዳት። ሁለተኛው ቤት ሼፉ ራሱ ስልኩን አነሳ፣ ቶሪ ፓይታን አለን፣ መረቁ ለብቻው ድስት ነው፣ ከላይ ሚፈሰው የዶሮ ዘይት ነው፣ የዶሮ ቻሹ አለን፣ እንቁላሉ ግን ከአሳማው ሶስ ነው ሚዘፈዘፈው ስለዚህ አላስገባላትም አለኝ። ወጥ ቤት ወንድሜ በትክክል አንተ ያልከውን ነው የነገረኝ። ማንኪያውንም መቁረጫውንም ለይቼ አዘጋጃለሁ አለ። ጠረጴዛ ለአምስት ይዟል፣ ሹካም አለ።

ለእማዬ ማታ ነገርኳት፣ ምን እንዳለው ምን እንደሌለው፣ እንቁላሉንም ጨምሬ። ከሰማችኝ በኋላ "ሰውየው ድስቱን ለይቷል?" አለች፣ አዎ ስላት "እንግዲያ እበላለሁ" አለች። ልጆቹ ከደስታቸው ብዛት የሷን ሳህን ራሳቸው እንደሚያዙ ተማምለዋል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሚጥሚጣ ይዤ ልሂድ እያለች ነው፣ ቅር ይላቸዋል ወይ? ደሞ ከፍልሰታ በፊት አንዴ ከወደደችው በጾምም ልትል ትችላለች፣ ያኔስ ምን አለ?

ወጥ_ቤት_ሲያትል፦

ሚጥሚጣውን ትያዝ፣ ቅር አይለንም። ግን መረቁ ላይ አትበትነው ጣዕሙን ይውጠዋል፣ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጋ ዶሮውን እየነካች ትብላ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ማንኪያ ሳይነካካ ትቅመሰው፣ ሼፉ ደስ ይለዋል።

ለጾሙ፣ ቪጋን ራመን ብለው ሚሠሩ ቤቶች አሁን ብዙ ናቸው፣ መረቁ ኮምቡ ከሚባል የባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል፣ አንዳንዱ የአኩሪ አተር ወተትና የተፈጨ ሰሊጥ ይገባበታል፣ ቶኪዮ ዋናው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ራሱ ቲስ ታንታን ሚባል ሙሉ በሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ቤት አለ። ቪጋን ሚለውን ቃል ተጠቀሚ፣ ቬጀቴሪያን ካልሽ እንቁላል ይመጣል፣ አንዳንዴም መረቁ ላይ ካትሱኦቡሺ ሚሉት የደረቀ ዓሣ ይኖራል፣ ዓሣን በጾም እናትሽ ምትበላ መሆኗን አላውቅም፣ እሷን ጠይቂያት። ኑድልሱ እንቁላል እንደሌለውም ለብቻ ጠይቂ፣ መረቁ ቪጋን ሆኖ ኑድልሱ ያልሆነበት ቤት አለ። የሰሊጡን ራመን ካገኘሽ እሱን ነው ምላት፣ በርበሬ ዘይት ከላይ ስላለው ሚጥሚጣውን ቤት ትተው።